የአቢጃን ዳገት

ባሌ ሾዴ የታሰረው ስድስት ሰዓት ጎደለበት ተብሎ ነው። ገንዘብ ጎደለበት ተብሎ የታሰረ ሰው አውቃለሁ፤ ወረቀት ተገኘበት ተብሎ የታሰረም አውቃለሁ። በዚያ ዘመን ጉለሌ ውስጥ ሰው የማያሳስር ነገር ጥቂት ነበር። ሰዓት አጉድሎ የታሰረ ግን ከሱ በፊትም ከሱ በኋላም አልሰማሁም። የቀበሌያችንን ቁጥር አልናገርም፤ ከሰዎቹ ገሚሱ ዛሬም በሕይወት አለ፣ በዓመት በዓል ቤተ ክርስቲያን እየተገናኘን ሰላም እንባባላለን።

ነገሩ የሆነው በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ሾዴ ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ ውስጥ እንደሱ ጥለት የሚያሳምር ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለው ሚስቱ ስለሆንኩ አይደለም፣ ሚስቱ ስለሆንኩማ ጉድለቱን ነበር የምዘረዝረው። እኔ እፈትላለሁ፤ እሱ ከሽመና ዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን መርገጫ በእግሩ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን በእጁ እየወረወረ ይሸምናል። አንድ ቀን የሸማኔዎቹ ማኅበር ጠራውና አቢጃን በምትባል ከተማ የአፍሪካ የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን አለ፣ ሄደህ ሰው ፊት ትሸምናለህ አለው። አቢጃን በምዕራብ አፍሪካ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ርቀቷ ከአዲስ አበባ ወደ አምስት ሺ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለሾዴ እስከዚያ ቀን ድረስ ሩቅ ማለት ከጨንቻ አዲስ አበባ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ የመጣበት መንገድ ነበር።

ሄደ፣ ሸመነ፣ ተመለሰ። መመለሱ ራሱ ጉድ ነበር። በዚያ ዘመን በአውሮፕላን የሄደ ሰው ሁሉ አይመለስም፤ ጎረቤቶቼም ሊሸኙት ሲመጡ ያለቀሱት ለኔ ነው። እሱ ግን ለኔ አንድ መሃረብ፣ ለራሱ ደግሞ የዚያ አገር ሸማኔ የሰጠውን አንዲት ጠባብ ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ደጃፌ ላይ ቆመ። ደስ አለኝ። እራት አቀረብኩለት።

ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው በቀበሌው ስብሰባ ላይ ቆሞ ሪፖርት ማቅረብ ነበረበት። ቀበሌው ያለው ከአንድ ደጃዝማች በተወረሰ ግቢ ውስጥ ነው፤ ስብሰባችን በግብር አዳራሹ፣ ቢሯቸው በሰገነቱ ቤት፣ እስር ቤታቸው ደግሞ በጎተራው። እሑድ ጠዋት ሾዴ ከሕዝቡ ፊት ቆመ። ንግግር አይሆንለትም፤ ስለዚህ እርግጠኛ የሆነበትን ብቻ ተናገረ።

«ስሄድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከዚህ ተነሣሁ። እዚያ ስደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ስድስት ሰዓት። ምሳ አበሉን፤ ሩዝ ነው። ስመለስ ደግሞ ምሳ በልተን ሰባት ሰዓት ላይ ተነሣን። ቦሌ ስንደርስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል። በመሐሉ ሸመንኩ። ኢትዮጵያ ትቅደም» አለና ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

ተጨበጨበለት። ሊቀመንበሩ ጓድ መሸሻ ግን አላጨበጨበም።

መሸሻ ከአብዮቱ በፊት የከተማ አውቶቡስ ተቆጣጣሪ ነበር። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ቆሞ ሾፌሮቹ ስንት ሰዓት እንደገቡና እንደወጡ መመልከት ነበር ሥራው፤ በዚህ ሥራ ዓለምን በሙሉ የተረዳት ይመስለዋል። መንገድ አንድ ነው። መሄጃውና መመለሻው ካልገጠመ ሾፌሩ የሆነ ቦታ ቆሟል፤ ወይ ጠጅ ቤት፣ ወይ ውሽማ ቤት። ስንቱን ሾፌር በዚህች ስሌት ብቻ ከሥራ አስባርሯል። አብዮቱ ሲመጣ ስሌቷን ይዟት ቀበሌ ገባ።

«ጓድ ሾዴ፣ እንዳትቀመጥ» አለው። «ስትሄድ ሦስት ሰዓት ፈጀብህ። ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት። መንገዱ አንድ ነው። ስድስቱን ሰዓት የት ነበርክ?»

ሾዴ አሰበ። ይህ ሰው ሲጠየቅ ያስባል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ማሰብ አደገኛ ልማድ ነበር።

«እንጃ» አለ በመጨረሻ። «እኔ ተኝቼ ነበር።»

ሁለት የአብዮት ጥበቃ ልጆች መጥተው በብብቱ ያዙትና ወደ ጎተራው ወሰዱት። መሸሻም ለሕዝቡ ገለጸ፦ ስድስቱ ሰዓት የት እንደገባ እስከሚመጣው እሑድ ካልታወቀ፣ ጓድ ሾዴ ሰኞ ጠዋት ወደ ከፍተኛው ይተላለፋል። ከፍተኛው ማለት ከቀበሌዎቹ በላይ ያለው ቢሮ ነው። ወደዚያ ለተላለፈ ሰው ቤተሰቡ ስንቅ ያመላልስለታል፤ አንድ ቀን ስንቁ ከነሳህኑ ይመለስና «ከእንግዲህ አታምጡ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ምንም አይባልም። እኔ ይህን አውቃለሁ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ስለዚህም ማንም ሰው ዓይኔን ሳያይ ወጣ።

ሰኞ ማለዳ መሸሻ ቢሮ ገባሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ባሌ የትም አልቆመም» አልኩት። «አውሮፕላን እኮ መሐል መንገድ ላይ አያወርድም።»

«ዘርትሁን፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሾፌር ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሾፌር ሁሉ የትም አልቆምኩም ነው የሚለው።»

«ሾዴ ሾፌር አይደለም፤ ተሳፋሪ ነው።»

«እሱ ነው የባሰው። ሾፌሩ ሲቆም አይቶ ያልጠቆመ ተሳፋሪ ተባባሪ ነው።»

«አውሮፕላኑ ውስጥ እኮ ሌላም ሰው ነበር። ሁሉም ስድስት ስድስት ሰዓት ጎድሎባቸዋል ማለት ነው?»

መሸሻ በትዕግሥት ተመለከተኝ። «እነሱ የኛ ቀበሌ ነዋሪዎች አይደሉም» አለኝ።

ወጥቼ ሄድኩ። ደጁ ላይ ጥበቃ የሚቆመውን ደቻሳን አገኘሁት። የእንጦጦ ሥር ሰው ነው፤ ሲያገባ ጋቢውን የሸመነለት ሾዴ ነው። ስንቁን ሰጠሁትና ደህና ነው ወይ አልኩት። «ደህና ነው» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ። ሳህኑ ሲመለስልኝ ግማሹ አልተነካም። ሾዴ ምግብ የሚተርፈው ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ መካከል አጥኚ ኮሚቴ የሚባል ተቋቋመ። ሦስት ሰዎች እቤቴ መጡና ክር ስጪን አሉኝ። ለምን ስላቸው ከአዲስ አበባ እስከ አቢጃን ሊለኩበት ነው። የኔን ክር፣ ባሌን ያሰሩበትን መንገድ ሊለኩበት። ሰጠኋቸው፤ አልሰጥም ብል ኖሮ ርቀቱን ደበቀች ይባል ነበር። ካርታ ከአንድ ትምህርት ቤት ተውሰው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉና መጀመሪያ መሄጃውን ለኩ፤ ከዚያ ደግሞ ለጥንቃቄ ሲባል መመለሻውን ለብቻው ለኩት። መመለሻው በግማሽ ጣት ረዘመ። ክሬ ሲስቡት ስለሚለጠጥ ነው፤ እነሱ ግን ትልቅ ነገር ያገኙ መስሏቸው ለመሸሻ አቀረቡለት። መሸሻ ለረጅም ጊዜ ክሩን ሲያገላብጥ ቆይቶ ግማሽ ጣት ስድስት ሰዓት አይሆንም ብሎ መለሰላቸው። በዚህ እንኳ ፍትሐዊ ሰው ነበር።

እኔም በበኩሌ መምህር ዓምሃ ቤት ሄድኩ። መምህር ዓምሃ ዊንጌት አካባቢ ጂኦግራፊ ያስተምራሉ፤ ቤታቸው ከኛ በላይ ነው። ጠመኔ አንሥተው እቤታቸው በር ላይ አንድ ክብ ሣሉልኝ። ነገሩ ቀላል ነበር። ፀሐይ መጀመሪያ የምትወጣው እኛ ጋ ነው፤ አቢጃን የምትደርሰው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። እኛ ጋ ቀትር ሲሆን እነሱ ጋ ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ስለዚህ በረራው ሲሄድም ሲመለስም ያው ስድስት ስድስት ሰዓት ነው፤ ሲሄድ ሦስት የመሰለው የእነሱ ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ ነው፣ ሲመለስ ዘጠኝ የመሰለው የኛ ወደፊት ስለሆነ ነው። የጎደለ ነገር የለም።

«ይኸው ነው?» አልኳቸው።

«ይኸው ነው።»

«እንግዲያው እሑድ ተነሥተው ይህንኑ ይንገሩልኝ።»

መምህር ዓምሃ ጠመኔውን አስቀመጡ። «ዘርትሁን፣ እኔ እኮ... ማለቴ፣ ልጆች አሉኝ» አሉ።

«ሾዴም ሚስት አለችው» አልኳቸው። ንግግሬ ከበድ ሳይላቸው አልቀረም፤ በሩ ላይ የሣሉትን በእጅጌያቸው እየጠረጉ እሺ አሉኝ።

እሑድ ደረሰ። የዚያን ዕለት መሸሻ አጠገብ አንድ ካድሬ ተቀምጧል፤ ጓድ ስለሺ ይባላል፣ ከላይ የተላከ ወጣት ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰው የመጣው ለሾዴ አስቦ አይደለም፤ ስድስቱ ሰዓት የት እንደገባ ለማወቅ ጓጉቶ ነው። ሾዴን አላመጡትም፤ ጎተራው ውስጥ ነው።

መምህር ዓምሃ ተነሡ። «ጓዶች፣ እንደሚታወቀው ፀሐይ ከምሥራቅ ተነሥታ ወደ ምዕራብ ትሄዳለች» ብለው ጀመሩ።

ስለሺ እጁን አወጣ። «በየቀኑ?»

«በየቀኑ፣ ጓድ።»

«ወደ ምዕራብ ትኮበልላለች ነው የሚሉን?»

«አይ... ማለቴ፣ ትመለሳለች። ጠዋት በምሥራቅ በኩል ትመለሳለች።»

ስለሺ ትንሽ አሰበ። «በምሥራቅ በኩል መመለሷ ጥሩ ነው። ይቀጥሉ» አለ።

መምህሩ ቀጠሉ። ስለ ሰዓቱ ልዩነት በር ላይ እንዳስረዱኝ አድርገው አስረዱ፤ እኔ እንደገባኝ ለሁሉም የገባው መሰለኝ። መሸሻ ግን ግንባሩን አኮማትሯል።

«አሁን አቢጃን ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

መምህር ዓምሃ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። እኛ ጋ አራት ሰዓት ሆኗል። «አንድ ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ።»

«እኛ ስለነሱ ተሰብስበን ስንለፋ እነሱ ገና ከአልጋቸው አልወረዱም?»

«የሥራ ቀን ቢሆን እንኳ... አዎ፣ አንዳንዱ አልወረደም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ሳል አደረገው። ስለሺ ተነሥቶ ቆመ። «የአፍሪካ ጭቁን ሕዝቦች ትግላቸው አንድ ነው። ሰዓቱን ማነው እንዲህ የከፋፈለባቸው?»

እዚህ ላይ መምህር ዓምሃ አላውቅም ቢሉ ይበቃ ነበር። አስተማሪ ግን ጥያቄ ሲጠየቅ መመለስ ይቀናዋል። «የሚለካው ከእንግሊዝ አገር ተነሥቶ ነው» አሉ።

ስለሺ ወደ መሸሻ፣ መሸሻ ወደ መምህሩ ተመለከተ።

«በቅኝ ገዢ ሰዓት ነዋ የሚከራከሩን» አለ ስለሺ ቀስ ብሎ። «ይቀመጡ። ወደ እርስዎ እንመለሳለን።»

መምህሩ ተቀመጡ። ፊታቸው ጠመኔ መስሏል። በዚያች ሰዓት ሁለት ነገር ገባኝ፤ ሾዴ ሰኞ እንደሚተላለፍ፣ መምህር ዓምሃም አብረውት እንደሚሄዱ። እውነቱን ተናግረን ነበር፣ እውነቱ ሰው በላ። ያኔ ንዴት ያዘኝ። እኔ ስናደድ እግሬ ቀድሞኝ ይነሣል፤ ምን እንደምል ሳላውቅ ቆሜ አገኘሁት ራሴን። አእምሮዬ ውስጥ የነበረው ሳምንቱን ሙሉ ስንቅ ይዤ የተመላለስኩበት መንገድ ብቻ ነው። ከቤታችን ወደ ቀበሌው ቁልቁል ነው፣ ስመለስ ሽቅብ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልኩ። «ተቆጣጣሪ በነበሩ ጊዜ ከሽሮ ሜዳ ለገሃር የሚወርደው አውቶቡስና ከለገሃር ሽሮ ሜዳ የሚወጣው እኩል ጊዜ ይፈጅባቸው ነበር?»

ስለ አውቶቡስ ሲጠየቅ የመሸሻ ፊት ይፈታል። «በፍጹም። የሚወጣው ይዘገያል፤ በተለይ ከስድስት ኪሎ በላይ።»

«ሾፌሩ የሆነ ቦታ ስለሚቆም ነው?»

«አይደለም፤ ዳገት ነዋ። ለዳገቱ ይታሰብለታል።»

«አቢጃን ባሕር ዳርቻ ላይ ናት» አልኩ። «እኛ ደግሞ እንጦጦ ሥር ነን።»

መሸሻ እጁን ከግንባሩ ወደ ጉልበቱ አወረደ። ከዚያ ከጉልበቱ ወደ ግንባሩ መለሰው፤ ሲያወጣው ቀስ ብሎ ነው። ሁለተኛም ደገመው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጁን እያየ አንገቱን ዝቅ ከፍ ያደርግ ጀመር።

«ቁልቁለት ሦስት ሰዓት» አለ መሸሻ ለራሱ። «ዳገት ዘጠኝ ሰዓት።»

ስለሺ አልተዋጠለትም። «አየር ላይ ዳገት አለ እንዴ፣ ጓድ?»

መሸሻ ተቆጣ። በሙያው የገቡበት መሰለው። «ጓድ ስለሺ፣ አየሩ የት ላይ ነው ያለው? መሬቱ ላይ አይደለም? መሬቱ ከወጣ አየሩ የት ይቀራል?»

ያን ጊዜ ከኋላ ሙኒያ ተነሣች። ሙኒያ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ እያወረደች የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት፤ ማንም ሳይጠይቃት ስትናገር የዚያን ዕለት ብቻ ነው የሰማኋት። «እኛ ባዶ እጃችንን ስንወጣ ነው የሚመሽብን» አለች። «ሸክም ይዘን ስንወርድማ እንበርራለን።» ሰዉ እውነቷን ነው፣ እውነቷን ነው አለ።

መሸሻ ወደ መምህር ዓምሃ ዞረ። «መምህር፣ የኛ ከተማ ከፍታዋ ስንት ነው?»

«ወደ ሁለት ሺ አራት መቶ ሜትር።»

«የአቢጃንስ?»

«ባሕሩ እግሯ ሥር ነው። ዜሮ ማለት ይቻላል።»

«እንግዲህ ሲወርዱ ሦስት፣ ሲወጡ ዘጠኝ። ትክክል ነው ወይስ አይደለም?»

መምህሩ ወደኔ አዩ። ዓይኔን አልሰበርኩም፤ በዓይኔ ለመንኳቸው። ብዙ ዘመን የተማሩትን፣ ብዙ ዘመን ያስተማሩትን ዋጥ አደረጉና «ትክክል ነው» አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ሳገኛቸው እጃቸውን የምስመው ስለዚያች አንድ ቃል ነው።

ስለሺ ግን አንድ ነገር ይቀራል አለ፤ ተከሳሹ ራሱ ያረጋግጥ። ደቻሳ ወደ ጎተራው ተላከ። እኔ ፈጣሪዬን መለመን ጀመርኩ። ሾዴ የዋህ ሰው ነው፤ አውሮፕላን ዳገት ወጣ ወይ ብለው ሲጠይቁት ኧረ ምን ዳገት አለ ብሎ ሁላችንንም ያስበላናል ብዬ ፈራሁ።

ደቻሳ ተመለሰ።

«ጠየቅከው?» አለ መሸሻ።

«ጠየቅኩት። ስትመለስ ዳገት ነበር ወይ አልኩት።»

«ምን አለ?»

«መጀመሪያ አሰበ። ከዚያ አዎ አለ።»

«ሌላስ?»

ደቻሳ መሬቱን አየ። «እግሬን ያመኛል አለ።»

መሸሻ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ይኸው» አለ። «ዳገት የወጣ ሰው እግሩን ያመዋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉም አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ። ጓድ ሾዴ ነፃ ነው ተባለ፤ ከእንግዲህም የቀበሌያችን ነዋሪ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ የመመለሻው ዳገት እንዲታሰብለት ተወሰነ። መፈክር ተሰምቶ ተበተንን። መምህር ዓምሃን ማንም አልጠራቸውም፤ በአዳራሹ የጎን በር ሹልክ ብለው ሲወጡ አየኋቸው።

እኔ ግቢው ውስጥ ቆሜ ጠበቅኩ። መሸሻና ስለሺ የሰገነቱ ደረጃ ላይ ቆመው ቁልቁል ያያሉ። የጎተራው በር ተከፈተና ሾዴ ወጣ። አንድ እጁ ጫማውን ይዟል፣ አንዱ ግድግዳውን። አንድ እርምጃ ይሄድና ይቆማል፣ ሌላ ይሄድና ይቆማል። ልቤ በኩራት ሞላ። ሰውዬዬ ነገር ገብቶታል፣ ሳልነግረው ማስመሰል ጀምሯል አልኩ። ጠጋ ብዬ በጆሮው «ጎሽ፣ እንደዚሁ እያስመሰልክ ቀስ በል። እያዩን ነው። እያለከለክህ ሂድ» አልኩት።

«ምኑን ነው የማስመስለው?» አለኝ።

ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ እግሩን አየሁ። ውስጥ እግሩ ነው። ሰውን ዘቅዝቀው አስረው ውስጥ እግሩን በሚገርፉበት አገራረፍ ገርፈውታል፤ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፣ እብጠቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወጥቷል። ጫማ የሚገባበት እግር አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ እኔ ክር ስሰጣቸው፣ እነሱ ካርታ ሲለኩ፣ ስድስቱን ሰዓት ከሱ ውስጥ እግር ነበር የሚፈልጉት። እኔም ደቻሳ የነገረንን ሰምቼ አጨብጭቤ ነበር።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«እንጃ አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ፣ የማውቀው የለኝ።»

መሸሻ ከደረጃው ላይ ሆኖ ተጣራ። «አይዞህ ጓድ ሾዴ» አለ፤ በሚያሳዝን ለስላሳ ድምፅ። «የዳገት ሕመም ነው፣ ሲያድር ይለቅሃል።» መገረፉን እያወቀ እያሾፈ ነው ወይስ ከልቡ ነው፣ ያኔም አላወቅኩም፣ አሁንም አላውቅም። እንደዚያች ቅጽበት ሰው ጠልቼ አላውቅም። ሆኖም ቀና ብዬ «እግዜር ይስጥልን፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት። ከዚያ ጫማውን ከሾዴ እጅ ተቀበልኩና ጎንበስ ብዬ አዘልኩት። ቀላል ሰው አይደለም፤ የዚያን ቀን ግን ቀሎ ነበር፣ የቀለለው ነው ያስለቀሰኝ። ሙኒያ ከኋላ ደግፋ ይዛው ሽቅብ ወጣን። ብዙ ቦታ አረፍን። ሰዉ ከስብሰባው እየተመለሰ በአጠገባችን ሲያልፍ፣ አንዳንዱ በሹክሹክታ አቢጃን ዳገት ነው አሉ እኮ ይባባል ነበር።

እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሳይገባ ክረምቱ አለፈ። ሸማኔ ያለ እግሩ ግማሽ ሰው ነው። ማኅበሩ ደግሞ የታዘዘ ጋቢ ነበረበት። በሽሮ ሜዳ ደንብ ሴት ትፈትላለች እንጂ ጉድጓድ አትገባም፤ አንድ ቀን ፈትሌን አስቀምጬ ገባሁ። እሱ እግሮቹን ጉድጓዱ አፍ ላይ ዘርግቶ ከላይ ተቀምጦ ይወረውራል፣ እኔ ከታች ተኮራምቼ እግሩ የሚረግጠውን በእጄ እጫናለሁ። «ቀኝ» ይለኛል፣ ቀኙን እጫናለሁ። «ግራ» ይለኛል፣ ግራውን። የሠፈሩ ወንዶች በር ላይ ቆመው ይስቁብን ነበር፤ እኛም ስቀን እናውቃለን። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ፊቱ አይታየኝም፤ የሚታየኝ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለሉት ሁለት እግሮቹ ብቻ ናቸው። «ቀኝ» ከማለቱ በፊት የቀኝ እግሩ ጣቶች በጨርቁ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ኋላ ኋላ አፉን መስማት ትቼ ጣቶቹን እያየሁ እጫን ነበር።